ጉዳዩ፦ ሥልጠና ስለመጠየቅ

ቁጥር፦ የለውም። ቀን፦ ሐሙስ ማታ፣
ከሰርቪስ ወርጄ፣ ኮዬ ፈጬ፣ የብሎኩ ደረጃ ላይ ተቀምጬ ለአፍታ።

ለአቶ ምሕረትአብ፣ ለሥራ አስኪያጁ፣
ቆዳ ፋብሪካ፣ ገላን፤ የከባድ መኪና ጎማ የሚንጠው ደጁ።

ከላይ በርዕሱ እንደ ተጠቀሰው፣
እኔ ሽታዬ፣ ቆዳ መራጭ፣ ሃያ አንድ ዓመት ቆዳ የዳሰስኩ ሰው፣
የበግ ይሁን የፍየል፣ የቆላ ይሁን የደጋ፣
እከክ የነካውን፣ ቢላ የጫረውን፣
በአውራ ጣቴ ሆድ የምለይ፣ ቢመሽም ቢነጋ።

አምና በመስከረም፣ በእንጨት ሣጥን ታሽጎ፣ መጣ አዲሱ ዕቃ፤
ሦስት ካሜራ አለው፤ ሲያበሩት ያጉረመርማል፣ ያለ ሰዓቱ እንደ ነቃ።
ሪባን ተቆረጠ፣ ለስላሳ ተጠጣ፣
«ሰው ሠራሽ አስተውሎት» አሉን፣ «ቆዳ የሚያይ ዓይን መጣ!»
እርስዎ አጨበጨቡ፤ እኛም አጨበጨብን፣
ለጭብጨባማ ሥልጠና መች አስፈለገን።

የማሽኑን ዋጋ ሰምቻለሁ፤ ዜሮው ብዙ ነው፤
የሥልጠናው በጀት ግን ያችው አንዲት ወረቀት፣ ግድግዳ ላይ የተለጠፈችው፦
«አይንኩ።»

ሐምሌ ላይ ነው ነገሩ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደልቅ፣
መብራት ሄዶ ሲመጣ፣ አምፖሉ ሲርገበገብ፣ ሲጠልቅ፣
ማሽኑ መጣል ጀመረ። ቀይ። ቀይ። አሁንም ቀይ።
የሰላሌን በግ ቆዳ፣ እንደ ሐር የሚንሸራተተውን፣ «ጉድለት» አለው በአደባባይ።
«ዘጠና ሰባት ከመቶ ርግጠኛ ነኝ» ይላል መስታወቱ፤
የቀረችውን ሦስት ማን ደፍሮ ይጠይቅ? ቁጥር ሲበራ ይፈራል፣ እንደ ሹም ፊቱ።

ኩምሳ መካኒኩ ራሱን ቧጠጠ፣
ፎርማኑ ወደ ስልክ ሮጠ።
እኔም እጄን ሰደድኩ፤ ቆዳው ጤነኛ ነበር።
አፌን ግን ያዝኩት። ማን ነኝ እኔ፣ ከስምንተኛ ክፍል የቀረሁ፣ ከአስተውሎት የምከራከር?

በሦስት ቀን ተጣለ፣ አራት መቶ ስልሳ ቆዳ፤
ደረሰኙን አይተውታል፤ የዝምታችን ነው ያ ዕዳ።

እሑድ ዕለት ቦንቱ፣ የኩምሳ እህት፣ ቴክኒክ የምትማረው፣
ምስር ስለቅም አገኘችኝና ትሪውን ከጭኔ አነሣችው፦
«እትዬ፣ ያ ዕቃ አያስተውልም፤ ያሳዩትን ይደግማል፤
ቀዩን ምስር ብቻ ያየ፣ ጥቁሩን ጠጠር ነው ይላል።
የየት አገር በግ አይቶ አደገ? በምን ብርሃን? ማን ነገረው?
እሱ ራሱን አይጠይቅም፤ ጠያቂው ጣትሽ ነው።»

አሥር ደቂቃ። አንድ ትሪ ምስር።
ያ ሁሉ ዜሮ ያልፈታው ምስጢር።

ሰኞ፣ ብርሃን በሚያስገባው መስታወት ሸራ ጋረድንበት፤
ግማሹ ቀይ አረንጓዴ ሆነ። ግማሹ እምቢ አለ፤ ምን ብለን እንንገረው? ቆምን ባለንበት።

ማሽኑ ይውጣልን አላልኩም። ዓይኔም ደክሟል፣ እውነቱን ልንገርዎ፣
ከሰዓት ጭጋግ ይወርድበታል፤ ስለ ረዳቱ ምስጋናዬ ይድረስዎ።
ግን ረዳቴን ልወቀው። የት ላይ ይስታል? ምን ሲሆን ይደናገራል?
መቼ ልመነው? መቼ «ቁም» ልበለው? «ቁም» የሚለው ቁልፍስ የት ይገኛል?

በቅሎ ተገዝቶ በሚሊዮን፣ ልጓም ተነፈገ በሳንቲም፤
ወድቀን ስንሰበር ደግሞ፣ «መጋለብ አይችሉም»።

«ሰው ሠራሽ አስተውሎት»፤ ስሙ ራሱ ይናገራል ላደመጠ፤
ፊተኛው ቃል «ሰው» ነው። እርስዎ ከሁለተኛው ጀምረው ገዙ፤ ፊተኛው ተረስቶ ተቀመጠ።

ግማሽ ቀን ይበቃል ለመነሻ፤ ቅዳሜ፣ ከምሳ በፊት ያለው።
ለሃያ ሦስታችን፣ ለፎርማኑም። ከፊት ረድፍ አንድ ወንበር ለእርስዎ ይዘናል፤ ቢመጡ ደስታውን አንችለው።

ከሰላምታ ጋር፣
ሽታዬ፣ መለያ ቁጥር ሰባ ስድስት።
(የመግቢያው ማሽን አሻራዬን አያነብም፤ ኬሚካሉ በልቶታል።
ጣቴ ግን አሁንም ያነባል።)

ግልባጭ፦
ለኩምሳ።
ለሰው ኃይል።
ለማሽኑም፤ የሰላሌውን በግ ፎቶ አንሥተን እናሳየዋለን።